ጨጓራን የሚጠብቁት ጋዞች፦ ከእናቴ የጉልበት ሕመም የተነሣ ጥያቄ

ባለፈው የፍልሰታ ጾም መጨረሻ አካባቢ እናቴ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። "ምን ሆንሽ እማዬ?" ብላት "ምንም፤ ራሴን አዞረኝ እንጂ" አለችና ግድግዳውን እየተደገፈች ሄዳ ተቀመጠች። ያን ጊዜ መድኃኒት ቤት ቆሜ ለማላውቃቸው ሰዎች በየቀኑ የማቀርበውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቴ አቀረብኩላት፤ "ሰገራሽ ምን ይመስላል?" አልኳት። አፍራ ዝም አለች። ቆይታ "እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ሦስት ቀን ሆነው፤ ጾሙ ይሆናል ብዬ ነው ያልነገርኩህ" አለችኝ።

እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ ብዙውን ጊዜ ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ደም እየፈሰሰ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው፤ ደሙ በአሲዱና በአንጀቱ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚለወጥ ቀይ ሆኖ አይወጣም። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ገባች፣ ደም ተሰጣት፣ በማግስቱም ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን የማየት ምርመራ፣ ተደረገላት። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። የጨጓራዋ ግድግዳ እርጥብና ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው፤ ወደ አንጀቱ መውጫ ሲቃረብ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ጠርዙ የቀላ፣ መሐሉ የነጣ ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች። "ደሙ የቆመበት ቦታ ነው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከሰመመኑ ስትነቃ "እናቴ፣ የሕመም ማስታገሻ ይወስዳሉ እንዴ?" ብሎ ጠየቃት። እሷም ወደ እኔ ተመለከተችና "ለጉልበቴ ልጄ የሚሰጠኝን ነው" አለችው።

ያን ዳይክሎፌናክ ፍሬ በፍሬ ቆጥሬ፣ በወረቀት ከረጢት ከትቼ፣ "ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ" ብዬ ጽፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ለሁለት ወር ያህል ወስዳዋለች። "ምግብ በልተሽ ውሰጂ" ብያት ነበር፤ ይህን ካልኩ በኋላ የሚገባኝን ሁሉ ያደረግሁ መስሎኝ በሰላም አደርሁ። ጾሙ ሲገባ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ የጠዋቱን ክኒን በባዶ ሆዷ ትውጥ ነበር። ከጨጓራዋ በናሙና የተወሰደው ሥጋ ለኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ተመርምሮ ነጻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቁስሉን ከክኒኑ በቀር የማላክክበት ነገር አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። በትምህርት ቤት የተማርነው፣ በመድኃኒት ቤት መስኮት የምንደግመው፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚመክረው ሁሉ ስለ አሲድ ነው፤ "አሲድ በዛብህ"፣ "አሲዱን የሚቀንስ ስጠኝ"፣ "ጨጓራዬን አሲድ በላው" እንላለን። የእናቴ ጨጓራ ግን አሲዱ ከወትሮው ስለበዛ አልነበረም የቆሰለው። አሲዱ ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር። የጎደለው ጠባቂው ነው። ስለዚህ ጠባቂው ማን እንደሆነ ደጋግሜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁት መልስ በአብዛኛው በማናየው፣ በማንቀምሰው፣ በሰከንዶች ውስጥ ብን ብሎ በሚጠፋ ጋዝ የተሞላ ሆነ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ለመያዝ አንድ የተለመደ ነገር ላስታውስ። ዱለት የበላ ሰው የበግ ጨጓራ በልቷል፤ ያንን ጨጓራ የእርሱ ጨጓራ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አላልሞ ወደ አንጀት ይልከዋል። ሥጋው ያው ሥጋ ነው። ታዲያ የሌላውን ጨጓራ የሚፈጭ ጨጓራ ራሱን ለምን አይፈጭም? የጨጓራችን ግድግዳ በቀን ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ጭማቂ ያመነጫል፤ በውስጡ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች የተባለውን የአሲድነት መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) እስከ 1 እና 2 ድረስ የሚያወርድ ነው። ከዚህ ኃይለኛ ፈሳሽና ከሕያው ሥጋ መካከል ያለው መጀመሪያ ዝልግልግ የሆነ ስስ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ በውስጡ ባይካርቦኔት ስለሚይዝ ወደ ግድግዳው ሲጠጉ አሲዱ እየረገበ ይሄዳል። ከሽፋኑ ሥር ያሉት ሴሎችም ዕድሜያቸው የጥቂት ቀናት ነው፤ ሳይሰለቹ ይረግፋሉ፣ ሳይሰለቹ ይተካሉ።

ይህን ሁሉ የሚቀልበው ግን የደም ፍሰቱ ነው። አሲድ ሾልኮ ወደ ግድግዳው ሲገባ ደም ቶሎ ደርሶ ካላጠበው፣ ባይካርቦኔትና ኦክስጅን ካላመጣ፣ ዝልግልጉም ሆነ አዲሱ ሴል አይሠራም። በግድግዳው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች መቼ እንደሚሰፉና መቼ እንደሚጠቡ ማን ይነግራቸዋል? ጋዞቹ ወደ ታሪኩ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

"ጋዝ" የሚለው ቃል ከሆድ ጋር ሲነሣ በእኛ ዘንድ ወዲያው የሚመጣው መነፋት፣ ግሣትና ቁርጠት ነው። አሁን የምናገርላቸው ጋዞች እነዚያ አይደሉም። እነዚህ ሦስቱ፣ ማለትም ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በሴሎች ውስጥ ኢንዛይም በተባሉ ሥራ አፋጣኝ ፕሮቲኖች ታግዘው በእጅግ ጥቂት መጠን የሚመረቱ፣ ሆድን የማይነፉ፣ ከአንዱ ሴል ወደ ጎረቤቱ መልእክት የሚያደርሱ ናቸው። ብዙዎቹ ሌሎች መልእክተኞች በሴሉ ቆዳ ላይ የተዘጋጀ መቀበያ ያስፈልጋቸዋል፤ ጋዝ ግን ግድግዳውን ዘልቆ ይገባል። ሦስቱም ከሰውነት ውጭ ስናውቃቸው መርዝ ናቸው። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከመኪና ጭስ ጋር ይወጣል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተበላሸ ዕንቁላል ሽታ ያለውና የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የገቡ ሠራተኞችን የሚገድል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን ደግሞ እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ያውቀዋል፤ በክረምት በር ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ የቀረበት ታሪክ ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ያ ገዳይ ጋዝ በልክ ሲሆን በገዛ ሥጋችን ውስጥ እንደሚሠራ ሳነብ፣ ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአስፕሪን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1971 በለንደን ጆን ቬን የተባሉ ተመራማሪ አስፕሪንና ዘመዶቹ የሆኑ መድኃኒቶች ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳያመርት በማገድ እንደሚሠሩ አሳዩ፤ ለዚህም በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ፕሮስታግላንዲን በተቆጣ ጉልበት ላይ ሕመምና እብጠት ያመጣል፤ በጨጓራ ላይ ግን ዝልግልጉን ያበዛል፣ ባይካርቦኔቱን ያስወጣል፣ የደም ፍሰቱን ይጠብቃል። ክኒኑ ጉልበቱን ከጨጓራው ለይቶ አያውቅም። በደም ተሸክሞ በመላ ሰውነት ሲዞር በሁለቱም ቦታ ያግዳል።

ይህ ለእኔ ለባለሙያው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ትርጉሙን እስከ መጨረሻው አልተከተልሁትም ነበር። ጉዳቱ በዋናነት ከደም በኩል የሚመጣ ከሆነ፣ ምግብ በልቶ መዋጥ የሚቀንሰው የክኒኑን የመነካካት ጉዳት ብቻ ነው፤ ዋናውን አያስቀረውም። በመርፌ መወሰድም አያስቀረውም። በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ሰው "ጨጓራ ስላለብኝ በመርፌ ይሁንልኝ" ይለኛል፤ ሰውየው የሚያስበው መድኃኒቱ በጨጓራው ካላለፈ ጨጓራውን አይነካውም ብሎ ነው። ሐሳቡ ለሰሚ ተገቢ ይመስላል፤ ስሕተት ነው ግን።

ከአስፕሪኑ ግኝት ጋር ስማቸው ከሚነሣው መካከል በሆንዱራስ ተወልደው በኤል ሳልቫዶር ያደጉት፣ ያን ጊዜ ገና ወጣት የነበሩት ሳልቫዶር ሞንካዳ ይገኙበታል። እኚህ ሰው የታሪኩ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ተመልሰው ይመጣሉ። በ1980 በኒውዮርክ ብሩክሊን ሮበርት ፈርችጎት የጥንቸልን ትልቅ የደም ሥር ቆራርጠው ሲፈትኑ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋሉ። አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር የደም ሥሩን የሚያላላው የውስጠኛው ስስ ልባስ ሳይነካ ሲቀር ብቻ ነበር፤ ሲዘጋጅ ሳለ ያ ልባስ በመታሸት ከተላጠ የደም ሥሩ አይላላም። ስለዚህ ልባሱ አንድ ነገር እያመነጨ ለጡንቻው "ልቀቅ" ይለዋል ማለት ነው። ምን እንደሆነ ለዓመታት አልታወቀም። በ1987 ሞንካዳና ባልደረቦቻቸው ያ ያልታወቀ ነገር ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ተራ ጋዝ እንደሆነ አሳተሙ፤ በቀጣዩ ዓመትም ሰውነት አርጂኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ እንደሚሠራው አሳዩ። የ1998 የኖቤል ሽልማት ለፈርችጎት፣ ለልዊስ ኢግናሮና ለፌሪድ ሙራድ ሲሰጥ የሞንካዳ ስም አልነበረበትም፤ ብዙ ሳይንቲስቶች በጊዜው ቅር ተሰኝተው ነበር፣ እኔም ታሪኩን ባነበብሁ ቁጥር ቅር ይለኛል።

ሞንካዳና ባልደረቦቻቸው በ1990 ወደ ጨጓራ ተመለሱ። በአይጦች ላይ ሦስት ነገሮችን አንድ በአንድ፣ ከዚያም በጥምረት አገዱ፤ ፕሮስታግላንዲንን፣ ናይትሪክ ኦክሳይድንና በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ያሉትን የስሜት ነርቮች። ይህን ከማንበቤ በፊት ነገሩን በጉልቻ መስዬው ነበር፤ ሦስት ድንጋይ አንድ ድስት ይሸከማል፣ አንዱ ከወጣ ድስቱ ይገለበጣል። የሆነው ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱን ብቻ ሲያነሡ ጨጓራው ብዙም አልተጎዳም፤ የቀሩት ሸክሙን ተጋሩ። ሁለቱን ሲያነሡ ጉዳት ታየ፤ ሦስቱ ባንድነት ሲነሡ ግን የጨጓራው ግድግዳ ክፉኛ ቆሰለ። እናቴ ክኒኑን በጀመረችበት ሰሞን ምንም ያልተሰማት፣ ቆይቶ ግን ቁስሉ የመጣባት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ብዬ አምናለሁ። አንዱ ጠባቂ በክኒኑ ሲነሣ ሌሎቹ ተክተው ቆሙ፤ ዕድሜው፣ ጾሙና የክኒኑ መደጋገም ተደራርቦ እስኪያደክማቸው ድረስ።

የነርቮቹ ነገር ለእኛ አገር ሰው ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። አሲድ ወደ ግድግዳው ሾልኮ ሲገባ እነዚህ ነርቮች ያውቁታል፤ ከጫፋቸውም የደም ሥርን የሚያሰፋ ንጥረ ነገር ይለቃሉ፣ የደም ሥሩም ናይትሪክ ኦክሳይድ እያመረተ ይሰፋል፣ ደም ይጎርፋል፣ አሲዱ ይታጠባል። እነዚህን ነርቮች የሚቀሰቅሰው ሌላው ነገር በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ነው። በ1995 በሲንጋፖር የታተመ ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞች ከአስፕሪን በፊት ቃሪያ ሲወስዱ የጨጓራቸው ጉዳት ያነሰ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። ይህን ስል ቁስል ያለበት ሰው አዋዜ ይብላ ማለቴ አይደለም፤ የሚያቃጥለው ሰው መተዉ ትክክል ነው፣ በአይጦች ላይም ከመጠን ያለፈ ካፕሳይሲን ነርቮቹን አደንዝዞ ጨጓራውን ለጉዳት እንደሚያጋልጥ ታይቷል። ነገር ግን "ጨጓራን የሚያቆስለው በርበሬ ነው" እያልን በየቤቱ ስንፈርድ፣ እውነተኛው ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ በኪሳችን ውስጥ በብልጭልጭ እሽግ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ሰውነት ሲስቲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ይሠራዋል። ለረጅም ጊዜ መርዝ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ በ1996 ጃፓናውያኑ ካዙሆ አቤና ሂዴዎ ኪሙራ በአንጎል ውስጥ የመልእክተኛነት ሥራ እንዳለው አሳዩ። በ2005 ደግሞ የጣሊያኑ ስቴፋኖ ፊዮሩቺ፣ የካናዳው ጆን ዋላስና ባልደረቦቻቸው በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት አስፕሪንና መሰሎቹ ጨጓራ የሚሠራውን የሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጠን እንደሚቀንሱ፣ ጋዙን ከውጭ ሲሰጧቸው ግን ጉዳቱ እንደሚቀንስ አገኙ።

ይህን የሚያብራራ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ልቆይበት። ዳይክሎፌናክና ወገኖቹ ወደ ደም ሲገቡ በጨጓራ ግድግዳ ባሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ከሥሩ ግድግዳ ጋር መጣበቅ ይጀምራሉ። በተለመደው ጊዜ እየተንከባለሉ የሚያልፉት ሴሎች ይቆማሉ፣ መንገድ ያጠባሉ፣ ጎጂ ንጥረ ነገርም ይለቃሉ። በጠባብ መንገድ ላይ አንድ መኪና ሲበላሽ ከኋላው ያለው ሁሉ እንደሚቆም ሁሉ፣ ከተጣበቁት ሴሎች በኋላ ያለው የግድግዳ ክፍል ደም ይጠማል። ናይትሪክ ኦክሳይድም ሆነ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይህን መጣበቅ ይከላከላሉ። በእናቴ ስክሪን ላይ ያየሁት ጉድጓድ ከመከፈቱ በፊት፣ በዓይን በማይታይ መጠን፣ በብዙ ጥቃቅን ቦታ ደም ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው አሲዱ የገባው። አሲዱ የተከፈተ በር አገኘ እንጂ በሩን የከፈተው እርሱ አይደለም።

ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ በአጭሩ ልለፍ። ቀይ የደም ሴሎች 120 ቀን ያህል ኖረው ሲፈርሱ በውስጣቸው ያለው ሄም የተባለው ክፍል በኢንዛይም ይበጠሳል፤ ከዚያም ብረት፣ አረንጓዴ ቀለም ያለው ቢሊቨርዲንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣሉ። አንድ ጤነኛ ሰው በዚህ መንገድ በቀን 10 ሚሊ ሊትር ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመርታል። ተመትቶ የጠቆረ ቆዳ ከቀናት በኋላ ወደ አረንጓዴነት ሲለወጥ ያየ ሰው ያንን ኢንዛይም በሥራ ላይ አይቶታል። ሰውነት ጉዳት ሲደርስበት ኢንዛይሙ ይበዛል፤ በፖላንድ ክራኮቭ የሚገኙ ተመራማሪዎችም በአይጦች ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች በጥቂቱ የሚለቀቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ የጨጓራን የደም ፍሰት ጠብቆ ከአስፕሪን ጉዳት እንደሚከላከል አሳይተዋል።

አሁን ወደሚያስደንቀኝ ክፍል ልምጣ፤ ከሁሉም ይልቅ ይህ ነው የእናቴን የጾም ሰሃን በሌላ ዓይን እንዳይ ያደረገኝ። ናይትሪክ ኦክሳይድ በኢንዛይም ብቻ አይሠራም። በ1994 የስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎችና በብሪታንያ የሚገኝ ሌላ ቡድን፣ ሁለቱም በየፊናቸው፣ ጨጓራ ውስጥ ብዙ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዳለ አሳተሙ። ስዊድናውያኑ ሰዎች ሲያገሡ የሚወጣውን አየር ለኩ፤ ሰላጣ ከበሉ በኋላ መጠኑ ከፍ አለ፣ ኦሜፕራዞል የተባለውን አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ወስደው አሲዳቸው ሲቀንስ ደግሞ እጅግ ወረደ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ናይትሬት በብዛት አላቸው። የበላነው ናይትሬት ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ከዚያም የምራቅ ዕጢዎቻችን ከደሙ ውስጥ አንድ አራተኛ ያህሉን እየሳቡ ወደ አፍ ይመልሱታል። በምላሳችን የኋላ ክፍል የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ምራቃችንን ስንውጥ ናይትራይቱ ከጨጓራ አሲድ ጋር ይገናኛል፤ ያኔ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። አሲዱ ራሱ፣ ስሙን ስናጠፋው የኖርነው አሲድ፣ እዚህ ላይ ከጠባቂዎቹ ጎን ይቆማል። ጋዙ ወደ ግድግዳው ዘልቆ የደም ፍሰቱን ያበዛል፣ ዝልግልጉን ያወፍራል፣ ከምግብ ጋር የገቡ ጀርሞችንም ለመግደል ያግዛል። ያለ አንዳች ጀርም ባደጉ አይጦች ጨጓራ ውስጥ ግን ይህ ጋዝ ከሞላ ጎደል አልተገኘም፤ በሌላ ጥናትም አፋቸው ጀርም በሚገድል መጉመጥመጫ የታጠበ አይጦች ከናይትሬት ያገኙት የነበረውን የጨጓራ ጥበቃ አጥተዋል።

ናይትራይት ለብዙ ዓመታት ከካንሰር ጋር እየተያያዘ የተፈራ ነገር ነው፤ ስለተቀነባበረ ሥጋ ሲነገር ሥጋቱ አሁንም ተገቢ ነው። ከቅጠላ ቅጠል የሚመጣው ግን ከቫይታሚን ሲና ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ስለሚመጣ በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

እናቴ በጾም ቀናት ከቤት የምትሠራውን አስባለሁ። ቀይ ሥሩን ቀቅላ፣ ልጣጩን በጣቷ እየገፈፈች፣ ጣቶቿ እስከ ማታ እንደቀሉ ይቆዩ ነበር። ቆስጣውን በነጭ ሽንኩርት ታቁላላዋለች፤ ነጭ ሽንኩርትም ቢሆን በ2007 እንደታተመው በውስጡ ያሉት የድኝ ውሕዶች ከቀይ የደም ሴሎች ጋር ሲገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሰጣሉ። እርሷ ይህን ሁሉ የምታደርገው ስለ ጋዝ አስባ አይደለም፤ እናቷም እንዲያ ያደርጉ ስለነበር ነው። ቀይ ሥርና ቆስጣ የዳይክሎፌናክን ጉዳት ያስቀራሉ ብዬ ለማንም አልናገርም፤ በእናቴ ላይም አላስቀሩም። ቁስል ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚያድነው ኦሜፕራዞል ነው፤ ምንም እንኳ አሲዱን ሲቀንስ ከምራቅ የሚመጣውን ጋዝ ቢቀንስም፣ የተከፈተ ቁስል እንዲዘጋ አሲዱ ገለል ማለት አለበት። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

እውቀቱ ወደ መድኃኒትነት እንዲለወጥም ተሞክሯል። ናፕሮክሲን ከዳይክሎፌናክ ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚለቅ ዓይነቱ ተሠርቶ ነበር፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2010 አልፈቀደውም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚለቀው ሌላው ናፕሮክሲን የበለጠ ተስፋ አሳይቶ ነበር። በ244 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ለ14 ቀናት ሲፈተን ተራውን ናፕሮክሲን ከወሰዱት 42.1 በመቶዎቹ በኢንዶስኮፒ የሚታይ ቁስል ሲወጣባቸው፣ ጋዝ ከሚለቀው የወሰዱት ግን 2.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ባነበብሁበት ማታ ከወንበሬ ተነሥቼ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልሁ። ከመቶ አርባ ሁለት፤ በሁለት ሳምንት፤ ጤነኛ በሆኑ ሰዎች። እናቴ ሁለት ወር ነው የወሰደችው። መድኃኒቱ ግን በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች የጉበት ኢንዛይም ከፍ ማለት ስለታየበት ለገበያ አልበቃም። በእጄ ያለው መደርደሪያ እንግዲህ ከድሮው አልተለወጠም።

የተለወጠው የእኔ አነጋገር ነው። ዛሬ አንድ ሰው መስኮቱ ላይ መጥቶ "ለወገቤ ዳይክሎፌናክ አስር ፍሬ" ሲለኝ ዕድሜውን እጠይቀዋለሁ፤ አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን ሌላ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ቁስል ወጥቶበት እንደሆነ፣ ለስንት ቀን ሊወስደው እንዳሰበ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፤ "ወንድም፣ ክኒን ነው የጠየቅሁህ" ይለኛል፣ ጥሎኝም ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል፣ እዚያ ሳይጠየቅ ይሰጠዋል። ምግብ በልተህ ውሰድ የሚለውን ምክር አልተውኩትም፤ ግን በእርሱ አላቆምም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከጥቂት ቀናት በላይ እንዳይቀጥል፣ ሰገራው ከጠቆረ በዚያው ቀን ሆስፒታል እንዲሄድ እነግረዋለሁ። ሰገራ የሚለውን ቃል ሰው በተሰለፈበት ጮክ ብዬ እናገራለሁ። እናቴ ሦስት ቀን ያፈረችበት ቃል ነውና ማንም እንዲያፍርበት አልፈልግም።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ኢንዶስኮፒ ተደረገላት። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ያነበብሁትን እየቀነስሁ ልነግራት ሞክሬ ነበር። ቡናውን ትታ እያዳመጠች፣ "እንግዲህ ያ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸተው ነው ሆዴን የሚጠብቀው?" አለችኝ። "አዎ እማዬ፤ ከእርሱ አንዲት ቅንጣት" አልኳት። ቆየት ብላ "የእግዚአብሔር ሥራ" አለችና "ጉልበቴንስ ማን ይጠብቀው?" ብላ ጠየቀችኝ። ለጉልበቷ ፓራሲታሞል፣ የሞቀ ጨርቅና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያሳየቻት እንቅስቃሴ ነው ያለን። ሕመሙን እንደ ዳይክሎፌናኩ አያጠፉትም። ደረጃ ስትወጣ አሁንም በየመሐሉ ትቆማለች፤ ስትቆምም አያታለሁ።

በማግስቱ ሐኪሙ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ሥዕል ጎን ለጎን አድርጎ አሳያት። በፊት ጉድጓድ የነበረበት ቦታ ላይ ግድግዳው ተጋጥሟል፤ ከዙሪያው ትንሽ የነጣ፣ ወደ መሐል የተሰበሰበ ቀጭን መስመር ብቻ ይታያል። እናቴ መነጽሯን ቤት ረስታ ስለነበር ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ "የቱ ጋ ነው?" አለች። ሐኪሙ በእስክሪብቶው ጫፍ መስመሯን ተከትሎ አሳያት። ጣቷን አንሥታ ስክሪኑን ሳትነካ፣ መስመሯን በአየር ላይ እየተከተለች ቆየች።